ሴኪሮ በተባለው የቪዲዮ ጌም ላይ ጌኒቺሮ የሚባለውን ቦስ (ዋና ጠላት) ማለፍ ላቃተው ተጫዋች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሴኪሮ እየተጫወትኩ አሺና ግንብ አናት ላይ ጌኒቺሮ ጋ ቆሜያለሁ። ሌሎች ጌሞች ላይ እንደለመድኩት ራቅ እላለሁ፣ ዶጅ አደርጋለሁ (ገለል ብዬ አመልጣለሁ)፣ ክፍተት ሳገኝ አንድ ሁለቴ መትቼ እሸሻለሁ። ላይፉ ይቀንሳል፤ ፖስቸሩ ግን አይሞላም። ሦስተኛው ዙር ላይ ስደርስ ደግሞ መብረቁ ይጨርሰኛል። ገጸ ባሕሪውን ደረጃ ማሳደግ የሚባል ነገርም አላየሁም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ የሚገድልህ መራቅህ ነው። ጌኒቺሮ እየሸሹ ለሚመቱት የሚሆን ቦስ አይደለም። ፍሮም ሶፍትዌር ይህን ጌም እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ሲያወጣ የዚያው ድርጅት የቀድሞ ጌም የሆነውን ዳርክ ሶልስን የለመደ ተጫዋች ሁሉ ይዞት የገባው ልማድ ያንተው ነበር። እዚያ ዶጅ ያድናል፤ እዚህ የሚያድነው ሰይፍ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው፦ ከሰይፉ ርቀት አትውጣ፣ ከላይፉ ይልቅ ፖስቸሩን ተዋጋ፣ ተራው የማን እንደሆነ ደግሞ በጆሮህ ለይ።

መጀመሪያ ፖስቸሩ፣ ማለትም ሲሞላ መከላከሉ የሚሰበርበት መስመር፣ ለምን እንደማይሞላ። ስክሪኑ አናት ላይ መሃል የሚታየው መስመር የእሱ ነው፤ ከታች መሃል ያለው ያንተ ነው። የእሱ ከሞላ ላይፉ የቱንም ያህል ቢተርፍ ቀይዋ ነጥብ ደረቱ ላይ ታበራለች፤ ያን ጊዜ የምትመታው ምት ዴዝብሎው (መግደያ ምት) ይሆንና ከላይፉ መስመር በላይ ካሉት ነጥቦች አንዷን ያጠፋል። አንተ ግን ሁለቴ መትተህ በሸሸህ ቁጥር መስመሩ ተመልሶ ይወርዳል። የሚወርድበትን ፍጥነት የሚወስነው የላይፉ መጠን ነው። ላይፉ ሙሉ ሳለ ፖስቸሩ ቶሎ ያገግማል፤ ወደ ግማሽ ሲጠጋ ይዘገያል፤ ከዚያ በታች ሲሆን በጣም ቀስ ይላል። ስለዚህ በውጊያው መጀመሪያ ላይፉን መቁረጥህ ጥሩ ነው፤ በኋላ የሚጠራቀመው ፖስቸር እንዳይፈስ የሚያደርግልህ እሱ ነው። ስህተቱ ላይፉን ግማሽ ካደረስክ በኋላም መሸሽህን መቀጠልህ ነው። ተጠግተህ መቆየት ያለብህ በዚያን ሰዓት ነው፤ ዙሩ በፍጥነት የሚያልቀውም ያኔ ነው።

ሕጉ አንተንም ይመለከታል። ላይፍህ ካነሰ ፖስቸርህ ቶሎ አይመለስም። ያንተን ለማፋጠን ግን መንገድ አለህ፦ የመከላከያውን ቁልፍ፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ኤል1ን፣ ኤክስቦክስ ላይ ኤልቢን፣ ኮምፒዩተር ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነህ ከያዝክ ፖስቸርህ በፍጥነት ይወርዳል። ትንፋሽ ስታገኝ ከምትሮጥ ሰይፍህን ከፍ አድርገህ ቁም።

አሁን ወደ ዲፍሌክት። ብሎክ (ምቱን መመከት) እና ዲፍሌክት (ምቱን በሰይፍ ገፍቶ መመለስ) አንድ ቁልፍ ናቸው፤ የሚለያቸው ጊዜው ነው። ምቱ ሊያርፍ ሲል ከተጫንክ ዲፍሌክት ነው፤ ቀደም ብለህ ተጭነህ ከያዝክ ብሎክ ነው። ብሎክ ያንተን ፖስቸር ይሞላል፤ ዲፍሌክት የእሱን ይሞላል። ሌላም ትልቅ ልዩነት አለ፦ መስመርህ ጫፍ ደርሶ እንኳ ቢሆን በትክክል ዲፍሌክት እስካደረግክ ድረስ አትሰበርም። የምትሰበረው ብሎክ ስታደርግ ነው። ስለዚህ መስመርህ ቀልቶ ስታይ አትደንግጥ፤ ወደ ኋላ መሸሽ ሳይሆን በሰዓቱ መጫን ነው መፍትሔው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልፉን እየደጋገመ በመደብደብ ነው። ጌሙ ይህን ይቀጣል፤ በተከታታይ በተጫንክ ቁጥር ዲፍሌክት የሚቆጠርበት ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል፤ ለአፍታ ጣትህን ካነሳህ በኋላ ነው ተመልሶ የሚሰፋው። ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ምት አንድ ጊዜ ተጫን፣ ሰይፎቹ እስኪጋጩ ድረስ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅና ለሚቀጥለው እንደገና ተጫን። ይዘህ መቆየትህ ዋስትና ነው፤ ትንሽ ቀድመህ ብትጫን እንኳ ምቱ ብሎክ ሆኖ ያልፋል እንጂ አይቆርጥህም። ቶሎ ከለቀቅክ ግን ሰውነትህ ክፍት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አብዛኛው ተጫዋች የሚያልፈው ይህንን ነውና። አንተ ስትመታው ጌኒቺሮ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንደኛው ተራ ብሎክ ነው፦ ድምፁ ደነዝ ያለ ነው፣ ፍንጣሪውም ትንሽ ነው። ይህን ከሰማህ ቀጥል፤ ተራው አሁንም ያንተ ነው፣ እያንዳንዱ ምትም ፖስቸሩን ይሞላል። ሁለተኛው የእሱ ዲፍሌክት ነው፦ ድምፁ ሹል ሆኖ ይጮኻል፣ ብርቱካንማው ፍንጣሪ ሰፋ ብሎ ይበተናል፣ ሰይፍህም ወደ ጎን ይገፋል። ይህ የተራ መቀየሪያ ነው። ከዚያች ድምፅ በኋላ የሚመጣው የእሱ ምት ስለሆነ የመምቻውን ቁልፍ አር1ን ልቀቅና ጣትህን ወደ ኤል1 መልስ። ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ምት በኋላ ትመጣለች። የሚሞቱት ሹሏን ድምፅ ሰምተው «አንድ ልጨምር» የሚሉት ናቸው። አንዴ ጆሮህ ከለየው ውጊያው ሥርዓት ይይዛል፦ መታ መታ፣ ሹል ድምፅ፣ የእሱን ምት ዲፍሌክት፣ እንደገና መታ። ከዚህ ዙር ካልወጣህ እሱም ቀስቱን የሚያወጣበት ርቀት አያገኝም። የጌሙን ሙዚቃ ከቅንብሩ ዝቅ ብታደርገውና የድምፅ ውጤቶቹን ከፍ ብታደርግ መለየቱ በጣም ይቀልሃል።

ረጅሙ ተከታታይ ምቱ፣ እየተሽከረከረ የሚያወርደው፣ ርዝመቱ ያስፈራል እንጂ እያንዳንዱ ምት ዲፍሌክት ይደረጋል። ፍጥነቱ እኩል ስላልሆነ ቁልፍ መደብደብ እዚህ ላይ በተለይ አይሠራም፤ የሰይፉን እጅ ተከተል። ሙሉውን ከመከትክ ከየትኛውም ጥቃት የበለጠ ፖስቸር የምታተርፈው ከዚህ ነው። ለዚህም ነው ሲጀምረው ወደ ኋላ መሸሽ የማይመከረው፤ የሚሰጥህን ትተህ መሄድ ነው።

ቀይ የጃፓን ፊደል ብልጭ ሲል ብሎክ የማይመክተው ጥቃት እየመጣ ነው። ምልክቱ አንድ ቢሆንም መልሶቹ ይለያያሉ። ጌኒቺሮ አዘውትሮ የሚያደርገው ሰይፉን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘሎ መውረድ ነው። የሚወርደውን ምት ዲፍሌክት አድርግ፤ ምልክቱ ከዚያ በኋላ ይመጣና ወይ ይወጋል ወይ እግር ሥር ይጠርጋል። መለያው ፊደሉ ሳይሆን ሰውነቱ ነው፤ ፊደሉን እያየህ ከወሰንክ ትሳሳታለህ። የሰይፉ ጫፍ ወደ ደረትህ ተነጣጥሮ ክንዱ ወደ ኋላ ከተሳበ ሊወጋህ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰይፉ ወደ ጎን ዝቅ ካለ ጠረጋ ነው።

ለመውጋት ጥቃቱ መልሱ ሚኪሪ ካውንተር የሚባለው ክህሎት ነው፤ ካልገዛኸው አሁኑኑ ግዛው፣ ከየትኛውም ክህሎት በፊት። ዶጅን ትጫናለህ፣ የእንቅስቃሴ ስቲኩን ወይ ትተወዋለህ ወይ ወደ እሱ ትገፋዋለህ፤ ገጸ ባሕሪህ የጠላቱን ሰይፍ ረግጦ መሬት ላይ ይተክለዋል፣ የጌኒቺሮ ፖስቸርም በአንዴ ይዘላል። የማይሠራልህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስቲኩን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይዘህ ከሆነ ተራ ዶጅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፊደሉ እንደታየ ወዲያው ከተጫንክ ቀድመሃል፤ ክንዱ ወደ ፊት መዘርጋት ሲጀምር ጠብቀህ ተጫን። ሰዓቱን መያዝ ካልቻልክ የመውጋት ጥቃትን ዲፍሌክት ማድረግም ይቻላል፤ ብሎክ ግን አይሆንም። ለጠረጋው ደግሞ ዝለል፣ አየር ላይ ሳለህ የመዝለያውን ቁልፍ ድገምና ራሱን ረግጠህ ፖስቸሩን ሙላ። ጠረጋን ዲፍሌክት ልታደርገው አትችልም። በእጅ ለመያዝ የሚመጣ ጥቃት ከሆነ፣ በሌሎች ጠላቶችም ላይ እንደምታየው፣ መልሱ ከቦታው መውጣት ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ ላይፍ ሳታባክን የምትለማመድበት ሰው አለህ፦ ፍርስራሹ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የቆመው፣ የማይሞተው ሃንቤ። ዲፍሌክቱንም ሚኪሪውንም እሱ ላይ ደጋግም። እጅህ በራሱ እስኪሄድ ድረስ ወደ ግንቡ አትመለስ።

ስለ መድኃኒት መጠጣት። ርቀህ የመድኃኒት ቅልህን ስታነሳ ቀስት የሚተኩስብህ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሲጠጡ አይቶ እንዲተኩስ ነው የተሠራው። ፍላጻዎቹን ዲፍሌክት ማድረግ ይቻላል፣ እየጠጣህ ግን አትችልም። የምትጠጣው ረጅሙን ተከታታይ ምት ከጨረሰ በኋላ ባለችው ፋታ፣ ርችት ጥለህበት ሲደናገጥ ወይም በሦስተኛው ዙር መብረቁን መልሰህበት ሲንቀጠቀጥ ነው። ላይፍህ ሊያልቅ ሲል ስለደነገጥክ ብቻ የምትጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ይባክናል።

መብረቁ። ሁለቱ ነጥቦች ሲጠፉ ውጊያው አላለቀም፤ ጌኒቺሮ ልብሱን አውልቆ በአዲስ ላይፍ ይነሳል፤ ይህን ዙር ለመዝጋት ግን አንድ ዴዝብሎው ይበቃል። አዲሱ ነገር መብረቅ ነው፤ አንተን በአንድ ምት የሚጨርስህም መሬት ላይ ቆመህ ስለምትቀበለው ነው። ብሎክ ብታደርግም መብረቁ በእግርህ በኩል ያልፋልና ትደርቃለህ። የጌሙ ሕግ እንዲህ ነው፦ መብረቅ የሚያገኝህ እግርህ መሬት ሳይነካ ከሆነ ሰይፍህ ላይ ይቀራል፤ መሬት ከመንካትህ በፊት ብትመታ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

በተግባር አራት ነገር በቅደም ተከተል ነው። ወደ ላይ ዘሎ አየር ላይ ሲንጠለጠልና ሰይፉ ላይ ብልጭታው ሲሰበሰብ ሌላውን ሁሉ ተው። ሰይፉን ሊያወርድ ሲል ዝለል፤ ሲነሳ ብትዘል ቀድመህ ታርፍና መሬት ላይ ያገኝሃል። አየር ላይ ምቱ እስኪያገኝህ ጠብቅ፤ ከዚያ በፊት አር1 ብትጫን አየሩን ቆርጠህ ትወድቃለህ። መብረቁ ሰይፍህ ላይ ሲጠመጠም ካየህ ወዲያው አር1ን ተጫን። አራተኛውን የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ በትክክል ተቀብለው፣ ተገርመው፣ ሳይመቱ ያርፋሉ፤ መብረቁም እነሱው ላይ ይፈነዳል። የተመለሰበት መብረቅ ላይፉንም ፖስቸሩንም ክፉኛ ይጎዳዋል፣ ለጥቂት ጊዜም ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ሮጠህ ተጠጋና ምታው፤ ላይፍህ አንሶ ከሆነ ግን ጠጣ። ይህን ካወቅክ ሦስተኛው ዙር ከሁለተኛው ይቀላል፤ እሱ መብረቅ በሞከረ ቁጥር ወደ መጨረሻው ይቀርባልና። የኢል ጉበት ካለህ ከዙሩ በፊት ብላው፣ የመብረቅን ጉዳት ይቀንሳል።

ደረጃ ስለማሳደግ የጠየቅከው፦ እንደ ሌሎቹ ጌሞች ነጥብ እየገዙ ጉልበት መጨመር የለም፣ ሆኖም ደካማ ሆነህ ደርሰህ ሊሆን ይችላል። ላይፍና ፖስቸርህን የሚጨምሩት የጸሎት ዶቃዎች ናቸው፤ አራት ሲሞሉ አይዶል (የምታርፍበት ሐውልት) ላይ አንድ ጭማሪ ይሰጡሃል። ከጌኒቺሮ በፊት የሚገኙ ትናንሽ ቦሶች ዶቃ ይጥላሉ፦ አሺና ዳርቻ ላይ ጄኔራል ናኦሞሪ ካዋራዳ፣ በሰንሰለት የታሰረው ግዙፉና ጄኔራል ቴንዘን ያማውቺ፤ ሂራታ ርስት ላይ ኤንሺንና ሰካራሙ ጁዞ፤ ግንቡ አካባቢ ባለ እሳት በሬው፣ ጄኔራል ኩራኖሱኬ ማትሱሞቶና ጂንሱኬ ሳዜ። እነዚህ ብቻ ስምንት ዶቃ፣ ሁለት ጭማሪ ናቸው፤ በየቦታው ተቀምጠው የሚገኙትን ሳንቆጥር። የዘለልከው ካለ ተመለስና ጨርሰው። ጂንሱኬ ሳዜን በተለይ አትዝለል፤ ሰይፉን ከአፎቱ በቅጽበት መዝዞ ሁለቴ ስለሚመታ ዲፍሌክት ካላደረግክ አይታለፍም፤ ለጌኒቺሮ ከእሱ የተሻለ መለማመጃ እዚያ አካባቢ የለም። የጥቃት ኃይልህን የሚያሳድገው ደግሞ ዋና ቦስ ሲሸነፍ የሚሰጥህ ትዝታ የሚባለው ዕቃ ነው። ፈረሰኛውን ግዮቡን ስላለፍክ አንዱን አግኝተሃል፤ ሂራታ ርስት መጨረሻ ላይ ያለችው ሌዲ በተርፍላይ ሁለተኛውን ትሰጥሃለች። የቅል ዘር ያገኘህ እንደሆነ ለሐኪሟ ለኤማ ስጣት፣ የምትጠጣው ይጨምራል።

ከሰው ሠራሽ ክንዱ መሣሪያዎች ርችቱ ይጠቅማል፤ አሺና ዳርቻ ላይ ያለው ነጋዴ በ500 ሴን (የጌሙ ገንዘብ) ይሸጠዋል፣ ፍርስራሹ ቤተ መቅደስ ላለው ሐውልት ቀራጭ ስትሰጠው ይገጥምልሃል። ደጋግመህ ከተጠቀምክበት ኃይሉ ስለሚደክም ለመጠጣት ወይም ለተጣበብክበት ሰዓት አስቀምጠው። ረጅሙን ተከታታይ ምት ዲፍሌክት ማድረግ እምቢ ካለህ የብረት ጃንጥላው አለ፤ ግንቡ ውስጥ ኦልድ ግሬቭ አይዶል አቅራቢያ የሚቀመጠው ብላክሃት ባጀር በ1600 ሴን ይሸጥልሃል። ከአሺና ክህሎቶች ውስጥ ኢቺሞንጂን እመርጥልሃለሁ፤ ኤል1ና አር1ን በአንድ ላይ ስትጫን ከላይ የሚወርደው ከባድ ምት የእሱን ፖስቸር ሲሞላ ያንተን ያወርዳል። ዘገምተኛ ስለሆነ ተከታታዩን ከጨረሰ በኋላ ብቻ ተጠቀምበት።

ደጋግሞ መሞት ስለሚያስከፍለው። ስትሞት የያዝከውን ሴን ግማሽና ለሚቀጥለው የክህሎት ነጥብ ያጠራቀምከውን ልምድ ግማሽ ታጣለህ፤ የሞላ ነጥብ ግን አይወሰድም። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ነጥቡን ሞልተህ ሂድ፣ ሴንህንም ከነጋዴ የገንዘብ ከረጢት ግዛበት፤ 100 የያዘችው በ110 ትሸጣለች፣ ብትሞትም አትጠፋም። የጌሙ ሰዎች ድራጎንሮት (አንተ ደጋግመህ ስትሞት የሚዛመት በሽታ) ይዟቸው ሲያስሉ አትረበሽ፤ በሽታው አይገድላቸውም፣ ታሪካቸውን ግን ያቆመዋል። ማዳኛው ጠብታ ብርቅ ስለሆነ ጌኒቺሮን ካሸነፍክ በኋላ ተጠቀምበት፤ አሁን ብታድናቸው እንደገና ትሞታለህ፣ እንደገና ይታመማሉ። ውጊያው ውስጥ አንዴ ከሞት ከተነሳህ ሁለተኛው መነሻ ተሰርዞ ይቆያል፣ የሚከፈተው ዴዝብሎው ስትፈጽም ነው። በአንድ ዙር ሁለቴ እንዳትሞት ማለት ነው፤ ከተነሳህ በኋላ ያለውን ላይፍ ለዲፍሌክት እንጂ ለድፍረት አታውለው።

አንድ የማይጠረጠር ነገር፦ ቴሌቪዥን ላይ የምትጫወት ከሆነ የጌም ሞዱን ክፈት። ሌላው የምስል ሞድ ምስሉን ስለሚያዘገየው በሰዓቱ የተጫንክ ቢመስልህም ጌሙ ዘግይቶ ያየሃል፤ ዲፍሌክት «አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው ይህ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ከሆንክ የምስል ጥራቱን ቀንሰህም ቢሆን በሰከንድ 60 ፍሬም ሳይዋዥቅ እንዲቆይ አድርግ።

ለሚቀጥሉት ሙከራዎች እንዲህ ሥራ። መጀመሪያ ማሸነፍን ተውና የመጀመሪያው ዙር ላይ ሹሏን ድምፅ ብቻ አድምጥ፤ በተሰማች ቁጥር መምታት አቁም። እሷ ከገባችህ በኋላ ከዝላዩ በኋላ የሚመጣውን ክንዱን አይተህ መለየትን ጨምር። መብረቁን ለብቻው የምትለማመድበት ቦታ ስለሌለ ሦስተኛው ዙር ላይ በደረስክ ቁጥር ሌላ ነገር ሳትሞክር መብረቁን ብቻ ጠብቅ፤ ብትሞትም አንድ መብረቅ ከመለስክ ያ ሙከራ ጠቅሞሃል። ካሸነፍከው በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በነጻ የመጣውን አፕዴት ጭነህ ከሆነ አይዶል ላይ ጌኒቺሮን እንደገና መግጠም ትችላለህ። ግጠመው፤ መብረቅ መመለስ ጌሙ ወደ ኋላ ላይ ደጋግሞ ይጠይቅሃልና እዚያ ከመድረስህ በፊት እጅህ ቢለምደው ይሻላል።